ማህፀኔ ይውጣ ወይስ በሽቦ ልታከም?

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። በድሬ ወግ አንቺ ብልሽ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ የወር አበባዬ ሲመጣ ስምንት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈሰኛል። ሞዴስ ሁለት ሁለት እያደረግሁ እንኳ አይበቃኝም። ቁጭ ብዬ ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። አልትራሳውንድ ታይቼ ሦስት ማዮማ (የማህፀን እጢ) አለሽ፣ ትልቁ 7 ሴንቲ ሜትር ነው አሉኝ። ሐኪሙ ማህፀኑ ይውጣ አለ። ቶሮንቶ ያለችው የባለቤቴ እህት ግን ‹እንዳትቀደጂ! እዚህ በእጅ አንጓ በኩል በሽቦ ገብተው ያደርቁታል፤ በማግስቱ ቤትሽ ነሽ› አለችኝ። አቦ፣ እውነት ነው? ሽቦ እንዴት ከእጅ ተነሥቶ ማህፀን ይደርሳል? ቡና ላይ ሳወራው ሁሉም የራሱን በሽታ እያነሣ ‹ለኔስ ይሆናል ወይ?› ይለኛል። ለእነሱም የምመልሰውን ንገሪኝ። ባለቤቴ አንድ ልጅ እንጨምር ይላል። ደግሞ ሐረር ያለችው እናቴ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ ሰውነቷን ያሳክካታል። ሰሞኑን ደግሞ ማታ ማታ ያንቀጠቅጣታል። የወፍ በሽታ ነው ብለው ባህል ሐኪም ጋር ሊወስዷት ነው። እሷንስ በዚህ በሽቦው ማከም ይቻላል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ከመጨረሻው ልጀምር። ስለ ማዮማሽ ብዙ የምለው አለኝ። ማዮማሽ ግን ሳምንት መታገሥ ይችላል። እናትሽ አትችልም።

የዓይን ቢጫ መሆን፣ ማሳከክና ማንቀጥቀጥ አንድ ላይ ሲመጡ የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ ውስጡ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቱቦውን ጠጠር ይዘጋዋል፤ እጢም ይዘጋዋል። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከተሻገረ ሰውን በሰዓታት ውስጥ ይጥላል። ይህን ሳትጨርሺ አጠገቧ ላለ ሰው ደውይ። ዛሬውኑ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይውሰዷት። ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቁሮ፣ ዓይነ ምድሯ ነጥቶ እንደሆነም ጠይቂያት፤ ለሐኪሙ ይህን ይንገሩት።

የወፍ በሽታ የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። የጉበት ቫይረስም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ የሐሞት መንገድ መዘጋትም እንዲሁ። ሁለቱን የሚለዩት የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ናቸው። መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ከመድኃኒቱ ጋር የታመቀው ሐሞት መፍሰስ አለበት። አንዱ ዘዴ በአፍ በሚገባ ካሜራ መክፈት ነው። ሌላው ቀጭን መርፌ በቆዳ በኩል ወደ ጉበት ይገባል፤ በመርፌው ውስጥ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ቱቦ ይከተላል፤ ሐሞቱም ወደ ውጭ ይፈሳል። ይህ ሁለተኛው አንቺ የጠየቅሽው ሙያ ነው። ስሙ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ይባላል። በራጅ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እያዩ፣ በመርፌ ቀዳዳ ብቻ ገብቶ ማከም ማለት ነው። ስለዚህ አዎ፣ እናትሽንም በዚህ መንገድ ማከም የሚቻልበት ሁኔታ አለ። መጀመሪያ ግን አንቲባዮቲክ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና አልትራሳውንድ። ባህል ሐኪም ዘንድ የምታድረው ሌሊት ዕድሜዋን ሊወስድባት ይችላል።

ደወልሽ? አሁን ወደ አንቺ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፀጉሬ የሸበተው ግን ራጅ ክፍል ውስጥ፣ ራዲዮግራፈር ሆኜ ነው። ስለዚህ ሽቦው ከእጅ ተነሥቶ ማህፀን እንዴት እንደሚደርስ ልንገርሽ፤ የቶሮንቶዋ እህታችሁ ተረት አላወራችም።

የሰውነት ደም ሥር ሁሉ የተያያዘ ነው። በእጅ አንጓሽ ላይ ትር ትር የሚለው ደም ሥር ክንድሽን ተከትሎ ደረት ውስጥ ካለው ዋናው ደም ሥር ጋር ይገናኛል። ዋናው በሆድ በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ እምብርት አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ቅርንጫፍ እያወጣ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ማህፀን ይገባል። ሐኪሙ አንጓሽን ወይም ብሽሽትሽን በመርፌ ያደነዝዛል። አንቺ አትተኚም፤ የሚያዝናና መድኃኒት ብቻ ይሰጥሻል። ከዚያ መርፌ፣ ከመርፌው ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ከአንድ ፍሬ ፓስታ የቀጠነ ቱቦ። ይህን የመርፌ፣ የሽቦና የቱቦ ቅደም ተከተል ያወጣው ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953። ዛሬም የሚሠራው በዚያው ዘዴ ነው። ደም ሥር ከውስጥ በኩል ሲነካ ስለማይሰማው ቱቦው ሲጓዝ አይታወቅሽም። ቀለም ሲረጭ ብቻ ሆድሽን ሞቅ ይልሻል። ያ ቀለም ደም ሥሩን ስክሪኑ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አድርጎ ያሳየዋል። ብዙ ዓመት ሠርቼም ያን ምስል ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ።

ማዮማ ካንሰር አይደለም። ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል እጢ ነው። በጥቁር ሴቶች ላይ ደግሞ በብዛትና ቀደም ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ምን አጠፋሁ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ማዮማ ደም ይወዳል፤ ያለ ደም አይኖርም። ቱቦው የማህፀኑ ደም ሥር ውስጥ ሲደርስ እንደ አሸዋ ያሉ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ፍሬዎች ይለቀቃሉ። ፍሬዎቹ ማዮማውን የሚመግቡትን ትናንሽ ሥሮች ይደፍናሉ። ጤናማው የማህፀን ክፍል በሌላ መንገድም ደም ስለሚያገኝ ይተርፋል። ማዮማው ግን በረሃብ ይጠወልጋል፤ በወራት ውስጥ መጠኑ ግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ነገሩ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። ፓሪስ ውስጥ ሐኪሞች ይህን የሚያደርጉት ለኦፕራሲዮን ዝግጅት ነበር፤ ቀዶ ጥገናው ላይ ብዙ ደም እንዳይፈስ ብለው። ተራቸውን የሚጠብቁ ሴቶች ግን ደሙ ቆመላቸው፤ ሕመሙም ለቀቃቸው። ‹እንግዲህ ኦፕራሲዮኑ ለምኔ?› አሉ። ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንኑ ጽፈው አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ይሠራበታል። ከአሥር ሴቶች ስምንቱ ዘጠኙ ደማቸው ይቀንስላቸዋል።

አሁን ደግሞ እህታችሁ ያልነገረችሽን ልንገርሽ። «በማግስቱ ቤትሽ ነሽ» እውነት ነው፤ ቤት የምትገቢው ግን ለመተኛት ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነው። ደም የተቋረጠበት ማዮማ ይጮሃል፤ ቁርጠቱ ምጥ ይመስላል። ለዚህ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋል። ማስታገሻውን በደንብ በማይሰጡበት ቦታ ይህን ሕክምና እንዳትሞክሪው። ከዚያ ጥቂት ቀን ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይኖራል። እንጀራ ለመጋገር፣ ገበያ ወርዶ ዕቃ ለመሸከም አንድ ሁለት ሳምንት ያስፈልግሻል። ትኩሳቱ ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከመጣ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳታመነቺ መመለስ ነው። አንዳንድ ሴቶች፣ በተለይ ከ45 ዓመት በላይ ያሉት፣ የወር አበባቸው በዚያው ሊቆም ይችላል። ማህፀኑ እዚያው ስላለ ማዮማ ተመልሶ የሚያስቸግርበትም ጊዜ አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከአራት ሴቶች አንዷ ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ ትንሽ በላይ፣ ሌላ ሕክምና ያስፈልጋታል። ማህፀን ከወጣ ግን ማዮማ አይመለስም። ሐኪምሽ ማህፀኑ ይውጣ ያለሽ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የቆየ፣ የታወቀ፣ እዚሁ የሚሠራ መፍትሔ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ዓይኔ ያረፈው አንዲት አጭር መስመር ላይ ነው። «ባለቤቴ አንድ ልጅ እንጨምር ይላል።» አንቺስ ምን ትያለሽ? ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ምርጫሽ ሁሉ የሚንጠለጠለው ግን እዚህ ላይ ነው። ከሽቦው ሕክምና በኋላ ያረገዙና የወለዱ ሴቶች አሉ። ቢሆንም መውለድ ለምትፈልግ ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ማዮማውን ብቻ ነቅሎ ማህፀኑን መስፋት ነው፤ እሱ ደግሞ ኦፕራሲዮን ነው። መውለድ ካልፈለግሽ በሩ ሰፊ ነው፦ የሽቦው ሕክምና፣ ማህፀኑን ማውጣት፣ አንዳንዴም ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ ወይም ደሙን የሚቀንስ ኪኒን። ስለዚህ ከሐኪሙ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጪ። መጀመሪያ ግን ብቻሽን አስቢበት። ሰውነቱም ሕመሙም ያንቺ ነው።

ማህፀን ብታወጪ ሴትነትሽ እንደሚቀር የሚነግርሽን ሰው አትስሚ። እንቁላል የሚሠሩት ክፍሎች ከተተዉ ሆርሞንሽ እንዳለ ይቀጥላል። የሚቀረው ወር አበባና መውለድ ነው። ቢላ ፈርተሽ ብቻ ሽቦውን አትምረጪ፤ ለአንቺ የሚስማማ ከሆነ ምረጪው።

የቱንም ብትመርጪ አስቀድመሽ ደምሽን ተለኪ። ዓይንሽ የሚጨልመው ደም ስላነሰሽ ይመስለኛል። አይረን ኪኒን ከታዘዘልሽ ከሻይና ከቡና አርቀሽ ውሰጂ፤ ሁለቱም በደንብ እንዳይሠራ ያደርጉታል። እርግዝና አለመኖሩና ሌላ ክፉ ነገር አለመደበቁም ይጣራል። ኤምአርአይ ቢታዘዝልሽ ትርፍ ወጪ አይምሰልሽ። ማዮማው የት እንደተቀመጠና በሽቦው ይጠወልግ እንደሆነ በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው።

ቡና ላይ ለጠየቁሽ ደግሞ ከእግር ልጀምር፤ የማይወጣልኝ ነገር ስላለብኝ ነው።

አክስቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ስኳር ነበረባት። አንድ ቀን የእግሯ ጣት ጠቆረ። የሄደችበት ሆስፒታል ጣቷን ቆረጠ። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ከወር በኋላ ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ የእግሯን ትርታ ዳብሶ አልፈለገም፤ ደም ይደርሳል ወይ ብሎ በዶፕለር አልትራሳውንድ አላየም። ምናልባት ታይቶም አይተርፍ ይሆናል። ግን አልታየም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ራጅ ክፍል እየሠራሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ የዚህ ሙያ መነሻ እግር መሆኑን ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1964፣ አሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ፣ አንዲት የ82 ዓመት ሴት እግራቸው ሞቶ ይቆረጥ ተባሉ። እምቢ አሉ። ቻርለስ ዶተር የሚባል የራዲዮሎጂ ሐኪም በሽቦና በቱቦ የጠበበውን ደም ሥር ከውስጥ አሰፋላቸው። እግራቸው ሞቀ፤ ሕመሙ ለቀቀ። ሴትየዋ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል፣ በገዛ እግራቸው ሄዱ። ዛሬ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚነፋ ፊኛ አለ፤ ደም ሥሩ ተመልሶ እንዳይጠብ የብረት መረብም ይቀመጣል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ጎረቤትሽ እግሩ ይቆረጥ ከተባለ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «የእግሬ ደም ሥር በዶፕለር ታይቷል ወይ?» ይህን ለመጠየቅ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። መግሉ ወደ ሰውነቱ እየተሰራጨ ከሆነ ግን መቁረጡ ሕይወት ነው፤ እዚያ ላይ አይከራከር።

ቡና ላይ የጉበት ነገርም መነሣቱ አይቀርም። ጉበት ውስጥ መግል ሲቋጠር በአልትራሳውንድ እያዩ በመርፌ ወይም በቱቦ ማፍሰስ ይቻላል። ከውሻ የሚተላለፈው ውሃ የቋጠረ የጉበት ከረጢትም አንዳንዱ ዓይነት እንዲሁ ይታከማል። ውሃው ይመጠጣል፤ ትሉን የሚገድል ፈሳሽ ገብቶ ጥቂት ይቆያል፤ ተመልሶ ይመጠጣል። ከፊቱም ከኋላውም አልቤንዳዞል ይዋጣል። ትንሽ የጉበት ካንሰር፣ በተለይ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በመርፌ ጫፍ ሙቀት ሊቃጠል ይችላል። ተለቅ ያለው ደግሞ በደም ሥሩ በኩል የካንሰር መድኃኒት ተሰጥቶት ሥሩ ይደፈናል። ይህ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ያረዝማል እንጂ አያድንም። እዚህ ላይ ለበርጫ ወዳጆች በፍቅር የምለው አለኝ። ሐረር ባሉ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ጫትን ከቆየ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ጉበት አንዴ ከጠጠረ ሽቦ አያለሰልሰውም። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራና ክትባት ከዚህ ሁሉ ይቀድማል።

ኩላሊቱ በጠጠር ወይም በማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ተዘግቶ ሽንት ለታመቀበት ሰው በጀርባ በኩል ቱቦ ገብቶ ሽንቱ ይፈስለታል። ቱቦው ጠጠሩን አያወጣም፤ ኩላሊቱን ግን ከመሞት ያድነዋል። የሳንባ ነቀርሳ ያቆሰለው ሳንባ ብዙ ደም ሲያስል የሚደማው ሥር በቱቦ ይደፈናል። ከወሊድ በኋላ አልቆም ላለ ደምም ይሠራል፤ ባለሙያውና ማሽኑ እዚያው ካሉ። ካሉ ነው የምልሽ፤ የምትደማ እናት ይህን ፍለጋ መንገድ ላይ መዋል የለባትም። በስትሮክ ጊዜ አንጎል ውስጥ የተሰነቀረ የረጋ ደም በሽቦ ይወጣል፤ እሱም የሰዓታት ጉዳይ ነው። ምርመራም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ድሮ ሆድ ተከፍቶ ይወሰድ የነበረው ናሙና ዛሬ በመርፌ ይወሰዳል።

ሁሉም ነገር በሽቦ አይሆንም። የታመመ ትርፍ አንጀት፣ የተበሳ ጨጓራ፣ የታጠፈ አንጀት፣ የሚታነቅ ሄርኒያ የቀዶ ጥገና ሐኪም ይፈልጋሉ። ሐሞት ከረጢትን «በካሜራ» ማውጣትም ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ኦፕራሲዮን ነው፤ ቡና ላይ ሁለቱ ሲምታቱ እሰማለሁ። ልብን በሽቦ ማከም ደግሞ የልብ ሐኪሞች ሥራ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

የሽቦውን ሕክምና ማሰብ ከጀመርሽ ሐኪምሽን እንዲህ በይው፦ «ዶክተር፣ ማህፀኔ ሳይወጣ የማህፀን ደም ሥር መድፈን ለኔ ይሆናል? ካልሆነ ምክንያቱን ንገረኝ።» ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። ሙያውን የተማሩ ሐኪሞች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው። ሪፈር ስታስጽፊ የአልትራሳውንድ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ምስሉን በሲዲ ያዢ። ከመሄድሽ በፊት ደውይ፤ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድሽ በአካል ሄዶ ይጠይቅልሽ። ማሽኑ ይሠራል? ፍሬዎቹና ቱቦው አሉ ወይስ ራስሽ ትገዢዋለሽ? ሐኪሙ ለማዮማ ስንት ጊዜ ሠርቷል? የጤና መድን ካለሽ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን እዚሁ አጣሪ። ሰው ከድሬ ተነሥቶ አዳር ከፍሎ «ዕቃው አልቋል» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ።

ቀለሙ በኩላሊት ስለሚወጣ የኩላሊት ምርመራ ይደረግልሻል። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የስኳር ኪኒን፣ የመድኃኒት አለርጂ ካለሽ አትደብቂ። ሕክምናው በሽቦ ከተደረገ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ እንዳትወጪ። ቢያንስ ሳምንት ያህል አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አረፍ በይ። ስትመለሺም ከተቻለ በአውሮፕላን ይሁን፤ ሰዓቱ አጭር ነው። በድሬ ሙቀት ውኃ በብዛት ጠጪ። ለሁለት ሳምንት እንስራም ጄሪካንም አታንሺ፤ ልጆቹ ያንሱ።

የእናትሽን የአልትራሳውንድ ውጤት እንደደረሰሽ ጻፊልኝ። ማታ ቢሆንም አነባለሁ።